እጅጌው የቀረ ኮት

ልጅ ሳለሁ ከተራ በመጣ ቁጥር ማርያምን የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያ ዋኘውን አባቴ እንድታደርግልኝ። ልመናዬን ባለመስማቷ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ቤታችን ቀሐ ነበር፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበት መንገድ ዳር። አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿ መኝታችን፣ ግማሿ የእናቴ መሥሪያ። እናቴ የትነበርሽ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበረች። የፒያሳ ልብስ ሰፊዎች ከአባት ከአያት የወረሷቸውን፣ ጥቁር ቀለማቸው የተላጠ፣ ወርቃማ አበባቸው የደበዘዘ መኪኖቻቸውን አሸክመው ያመጡላታል። አንዱ ክር ይበጥሳል፣ አንዱ ስፌት ይዘላል፣ ሌላው ጨርቅ ይበላል። እሷ ላምባ በነካው የጥርስ ብሩሽ ሆዳቸውን ታጥባለች፤ በካቻቢቴ ብሎኑን ትንሽ ታጠብቃለች፣ ትንሽ ታላላለች፤ ከዚያ ብጣሽ ጨርቅ አስገብታ ትሰፋና ስፌቱን በጥፍሯ ትፍቀዋለች። ጥፍሯን ካልያዘው መኪናው ድኗል ማለት ነው።

ሙያውን ያስተማራት አባቴ ሙሉሰው ነበር። እኔ አባቴን አላውቀውም። በድብ ባሕር ገበያ ልብስ ይሰፋ እንደነበረና እኔ ጡት ሳልጥል እንደሞተ ብቻ ነበር የማውቀው። ሞተ ነው የተባልኩት። ሰው ይሞታል፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የእሱ መኪና ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። በመስኮቱ ሥር ለብቻው፣ ነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ክር አይገባበትም፣ ጨርቅ አያልፍበትም። አንድ ጊዜ መዘውሩን ለጨዋታ ባዞረው እናቴ በካቻቢቴው እጀታ ጣቶቼን አለችኝ፤ በቀኝ እጄ ቁራሽ መያዝ አቅቶኝ ሰነበትኩ። ከሥሩ አንድ መሳቢያ አለው። ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይውላል።

ያን መኪና እንዲነካ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አያ ዋኘው።

በየከተራው ከድብ ባሕር ይመጣል። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ነበር። ለእኔ በጨርቅ የቋጠረ ሽምብራ ቆሎ፣ ለእናቴ አንድ ቅል ማር ይዞ ይመጣል። እናቴ እጇን ሳትዘረጋ "እዚያ አስቀምጠው" ትለዋለች፤ እሱ ሲሄድ ቅሉን እንዳለ ለቆሎ ተማሪዎች ትሰጠዋለች። ቸርነቷ ይገርመኝ ነበር። እህል ውሃ አታቀርብለትም፤ ገሃድ ነው፣ ጾም ነው ብዬ አስብ ነበር። የጎረቤቶቻችንን ቤት ለጥምቀት የአገር ቤት ዘመድ ይሞላዋል። ወደ እኛ የሚመጣው እሱ ብቻ ስለነበረ ዘመዳችን መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

ገብቶ ጋቢውን ያወልቅና ነጠላውን ከመኪናው ላይ በሁለት እጁ ያነሳል። አቧራውን ይጠርጋል፣ መዘውሩን የሚያዞረውን ቺንጋ ፈትቶ ብረቱን ይወለውላል፣ ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች በብሩሽ ያጸዳል፣ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ተቀምጦ ይረግጣል። ክርም ጨርቅም የሌለው መኪና ባዶውን ይሮጣል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

"ድገመው" ትላለች።

ይደግማል።

"ዝገት አለው። ድገመው።"

ዝገት አልነበረውም። ይህን እኔ እንኳ አውቅ ነበር። ውጭ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ታቦት አጅቦ እየዘመረ ይወርዳል፤ እናቴም በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፣ እልልታው ሁሉ ቤታችን እንዲገባ። አያ ዋኘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ፣ ባዶ መኪና ይረግጣል። በዓሉ እንዳያመልጠው አዝናለት በሩን የከፈተችለት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት መርፌው ጣቱን ወጋውና ደሙ መኪናው ላይ ተንጠባጠበ። እናቴ ጠጋ ብላ አየችው። "ጥረገው" አለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ለእኔ እንኳ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። ትወደዋለች ማለት ነው አልኩ። ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አይተያዩም፤ የሚፈላለጉ ሰዎች እንደሚተፋፈሩ ደግሞ ከጎረቤት ሰምቻለሁ። አባት የሌለው ልጅ ከአፈር አባት ይሠራል፤ እኔ የሠራሁት ከእሱ ነበር።

አያ ዋኘው አባቴን የገደለው ሰው ነው።

በከተራ ዕለት፣ አባቴ እዚያው መኪና ላይ እንዳጎነበሰ፣ በሽመል አናቱን መታው። እስሩን ጨርሶ ሲወጣ የአባቴ ወንድሞች ጠመንጃ ወልውለው ይጠብቁት ነበር። ሽማግሌ ገባ። ቄስ ዕንባቆም መስቀል ይዘው መሐል ቆሙ፤ ዋኘው ድንጋይ ተሸክሞ እናቴ እግር ሥር ወደቀ፤ ለካሳ የመጡት ላሞች ከኋላው ተነዱ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እዚያ ከነበሩ ሰዎች ነው የሰማሁት።

"ላም አልፈልግም" አለች እናቴ። "ላም ትሞታለች።"

"ታዲያ ምን ይሁንልሽ፣ ልጄ?" አሏት ቄሱ።

"በየከተራው እየመጣ የባሌን ማኪና በእጁ ይወልውል። እስኪሞት። ማኪናው የዛገ ዕለት ደሙ ይፈለጋል።"

ሽማግሎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ካሳ በአገሩ ተሰምቶ አያውቅም። ቄስ ዕንባቆም "ተይ ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው" ቢሏት "እኔ መቼ ልጸልይ አልኩ?" አለቻቸው። በመጨረሻ ደም ከሚፈስ ይህ ይሻላል ተባለና እርቁ ወረደ። እጇን ላታነሳ፣ ሰው ላታነሳሳ፣ ላትረግም መስቀል መትታ ማለች። መሐላዋንም ጠበቀች፤ በዚህ ማንም አያማትም።

ለእኔ ይህን ማን ይነግረኛል? አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ብሎን ማጥበቅና ማላላት ጀምሬ፣ አያ ዋኘው መቼ ጠቅልሎ እንደሚገባ እጠብቅ ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ እናቴ የተጠገነ መኪና ልታደርስ ወደ ፒያሳ ወጣች። ቤት ስጠርግ የአባቴ መኪና መሳቢያ ገርበብ ብሎ አየሁት። ቁልፉ እዚያው ተሰክቷል። ዙሪያዬን አይቼ ሳብኩት። ውስጡ ግራጫ የሱፍ ኮት ታጥፎ ተቀምጧል። አንዱ እጅጌው ተሰፍቶ አልቋል፤ ሌላው ከትከሻው ጋር የተያያዘው በነጭ ክር ተወስውሶ ብቻ ነው። ያ ነጭ ክር የአባቴ እጅ ሥራ መሆኑን ለማወቅ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። የራሱ ኮት ነው፣ ሳይጨርሰው ሞተ አልኩ። እናቴ እስከ ዛሬ የደበቀችው ደግሞ በቦታው ለሚገባው ሰው ልትሰጠው ነው አልኩ።

ከኮቱ ሥር ግራጫ ክር አገኘሁ። የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሿ ብረትም ግራጫ ክር ተጠቅልሎባት፣ አቧራ ሳይነካት ተቀምጣለች። የማርያም ተአምር መሰለኝ።

በሩን ዘግቼ ነጠላውን ገለጥኩ። መጀመሪያ በብጣሽ ሞከርኩት፤ ክሩ ከታች ተርመጠመጠ። የላይኛውን ክር የሚወጥረው ሞላ ልል ነበር፤ ክር ካየ ዘመን የለውም። እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ብሎኗን በጥቂቱ አጠበቅኳት፣ ሰፋሁ፣ በጥፍሬ ፋቅሁት። ያዘኝ። እንደገና አጠበቅሁ፤ አሁን ደግሞ ክሩ ተበጠሰ። አላልቼ፣ አጥብቄ፣ ስፌቱ ጥፍሬን ሳይዘው ሲያልፍ ጊዜ ኮቱን አስገባሁ። ከአባቴ ነጭ ክር ላለመውጣት ትንፋሼን ይዤ እጅጌውን ዙሪያውን ሰፋሁት። ነጩን ክር መዝዤ በጣቴ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከተራ ደረሰ። አያ ዋኘው መጣ፣ ማሩን አስቀመጠ፣ ወለወለ፣ ረገጠ። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ታቦቶቹ እየወረዱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ኮቱን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት።

"አያ ዋኘው፣ ለጥምቀት" አልኩት።

ኮቱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ አየኝ።

"ማን ሰጠሽ ይሄን?"

"እኔ ነኝ የጨረስኩት። እጅጌው ብቻ ነበር የቀረው።"

መኪናውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ፤ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ የሚወደን አልመሰለኝም። እናቴ ቀስ ብላ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ራሴን ሸሸግሁ። ኮቱን ከእጄ ወሰደች፣ ወደ ብርሃን ይዛ የእጅጌውን ስፌት በጥፍሯ ፋቀችው። ጥፍሯ ሳይያዝ አለፈ።

"ሸጋ ስፌት ነው" አለች። "ደርሶልሃል። ተነሥ፣ ልበሰው።"

"እሜቴ፣ ስለ ማርያም ግደይኝ።"

"ልበሰው እንጂ። ልጄ ደክማበታለች።"

ሰው ደስታው ሲበዛ ሞቱን እንደሚጠራ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን ልጇን የዳረች ዕለት "አሁን ልሙት" ስትል ሰምቻታለሁ። ስለዚህ አጨበጨብኩ። ተነሥቶ ለበሰው። ትከሻው ላይ ልክክ አለ፤ እጅጌው አንጓው ላይ በትክክል ቆመ። የሙት ሰው ኮት እንዲህ ሲገጥመው አይቼ፣ እንግዲህ አምላክም ፈቅዷል አልኩ።

"አሁን ወደ ታቦቱ ውጣ፤ ሰው ይይህ" አለችው እናቴ። "ከእንግዲህም ስትመጣ ይህን ለብሰህ ነው የምትመጣው።"

ወጣ። ነጭ በለበሰው ሕዝብ መሐል ግራጫው ጀርባው እስከ መታጠፊያው ይታይ ነበር። እናቴ በሩን ተደግፋ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ሰርጉ ደረሰ ብዬ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

በማግስቱ መዋኛው ዳር ቆመን ጠበል ሲረጭ እጇን ይዤ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ አያ ዋኘውን መቼ ነው የምታገቢው?"

ዞራ አየችኝ። "ምነው ልጄ፣ አባትሽን የገደለው እኮ እሱ ነው" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ሕዝቡ እየጮኸ፣ ውሃው እላያችን ላይ እየወረደ፣ ያለችኝን በትክክል መስማቴን እርግጠኛ እንድሆን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "ኮቱም የሱ ነው። አባትሽ በሱ ልክ ነበር የሚሰፋው። የሚያገባትን ልጅ ታቦቱ ሲወርድ ሊያይበት ፈልጎ በከተራ መጣ። አባትሽ 'እጅጌው ይቀረዋል፣ ነገ ና' አለው። ነገ ምን ያደርግለታል? ሰክሯል። 'ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ' አለና ሽመሉን አነሳ። ይኸው ነው።"

አንድ ጎረምሳ በጆግ ሙሉ ውሃ ፊቴ ላይ ደፋው። እያለቀስኩ መሆኔን ማንም አላወቀም። መጀመሪያ ያፈርኩት በቆሎው ነበር፤ በየዓመቱ ቋጠሮውን እየፈታሁ፣ እየሳምኩት የበላሁት ሽምብራ። ከኀፍረቱ ሥር የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እናቴ ቁልፍ የምትረሳ ሴት አልነበረችም። ግራጫውን ክር ማን እንደጠቀለለው፣ መሳቢያውን ማን እንደተወው ለመጠየቅ ዓመታት ፈጀብኝ። ስጠይቃት ካቻቢቴዋን ሳታስቀምጥ "እኔ እጄን አላነሳሁም፤ ሰውም ና ግባበት አላልኩም" አለችኝ። ቅር ያለኝ አይምሰላችሁ። የሚቆጨኝ ቀድማ ያላማከረችኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘይቱን የማቀብለው እኔ ሆንኩ። በየከተራው ኮቱን ለብሶ ይመጣል፤ እናቴ በሩን ትከፍታለች፣ "ድገመው" የምለው እኔ ነኝ። ኮቱ ክርኑ ላይ ሳሳ፣ ቀለሙ ነጣ። እኔ የሰፋሁት እጅጌ ግን አልተፈታም። አግብቶ ልጅ መውለዱን ሰማን። እናቴ ስትሞት ለቀብሩ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ከተራ ደግሞ እኔ ወደተከራየሁበት ወደ ማራኪ ሰፈር መጣ። ተፈታሁ ብሎ አስቦ ከነበረ አላሳየኝም። መኪናውን አቀረብኩለት። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይባላል፤ እሱም እንዳይረሳ አደረግነው። ከዚህ የበለጠ ካሳ አላውቅም።

ዘንድሮ ሳይመጣ ቀረ። ዘይቱን አዘጋጅቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ የሰፈሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ታክሲ ሲሮጥ እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ከቀትር በኋላ አንዲት ወጣት ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ትከሻዋ ሰፊ ነው። ሳትናገር ማን እንደሆነች አወቅሁ።

"እትዬ ይመኙሽ እርስዎ ነዎ?"

"ነኝ።"

"የዋኘው ልጅ ነኝ፣ እንኳየሁ። አባቴ አልጋ ከያዘ ሰነበተ፤ መነሣት አቅቶታል። የነፍስ አባቱ ቁረብ ቢሉት 'መጀመሪያ ይመኙሽ ትፍታኝ' አለ። ከምን እንደሚፈቱት አልነገረኝም፤ ብቻ ሂጂና ለምኝልኝ፣ ኮቱንም መልሽላት ብሎ ላከኝ።" ፌስታሉን ዘረጋችልኝ። "ምነው ይመልሰዋል ብዬ ገረመኝ። ከልብሱ ሁሉ እሱን ነው የሚወደው፤ ለጥምቀት ካልሆነ አይለብሰውም። እናቴ እንኳ እንድታጥበው አይፈቅድላትም።"

"ግቢ" አልኳት። ገባች።

ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየች። በመስኮቱ ሥር ያለውን መኪና ስታይ ፈገግ አለች። "ይሄ ነው ማኪናው? ሁሌ ወደ ዘመዶቻችን ሄጄ ማኪና እጠግናለሁ ይለን ነበር። እሱ ካልቻለ እኔ ልወልውልልዎ?"

እጇን ወደ ነጠላው ዘረጋች። ያን ነጭ ጨርቅ ሊነካ የተዘረጋውን እጅ አየሁት፤ ወጣት፣ ያልቆሸሸ እጅ ነው። አባቷ ጡት ሳልጥል አባት አሳጥቶኛል፤ እኔ ደግሞ እሷን ምን ላሳጣት እንደምችል አውቀዋለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

"ተይው፤ አንቺ አትንኪው" አልኳት። ለእሷ ያዘንኩት ይህን ያህል ነው።

ኮቱን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። የሽማግሌ ላብና የማር ሽታ ነበረው። ምላጭ አንሥቼ የልጅነት ስፌቴን መተርተር ጀመርኩ። ስፌቱ ጠንካራ ነበር፤ አባቴ ቢያየው ይኮራብኝ ነበር። እንኳየሁ ግራ ተጋብታ "ምነው እትዬ፣ ደህናውን?" አለች። እጅጌው ሲላቀቅ ከመሳቢያው የተጠቀለለውን ነጭ ክር አወጣሁ፤ የአባቴን። በመርፌ አስገብቼ፣ እሱ እንዳስቀመጠው አድርጌ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ከትከሻው ጋር ወሰወስኩት።

ቄሶች ይቅር ማለት ያምራል ይላሉ። ያምር ይሆናል። በሞት አፋፍ ያለ ሰው ልጁን ከድብ ባሕር ድረስ ሲልክ አንጀት የሚበላ ነገር ነው፤ አልዋሽም፣ የእኔም ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አጎንብሶ የሚሰፋ ሰው ታየኝ፤ ፊቱን አላውቀውም፣ አናቱን ብቻ።

ኮቱን አጥፌ ፌስታሉ ውስጥ መለስኩት።

"ውሰጂለት" አልኳት።

"ፈትታሃለች ልበለው?"

"'እጅጌው ይቀረዋል፣ ነገ ና' አለችህ በይው።"

"መነሣት እኮ አይችልም፣ እትዬ።"

"እሱ ይገባዋል። እንዳትረሺው ብቻ።"

"አልረሳም" አለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ተሰናብታኝ ወጣች። ደጅ ላይ ደርሳ እንዳይጠፋባት ለራሷ ስትደግመው ሰማኋት፤ "እጅጌው ይቀረዋል፣ ነገ ና። እጅጌው ይቀረዋል፣ ነገ ና።" አንጀቴ ራሰ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ነጭ በለበሰው ሕዝብ መሐል ወደ መናኸሪያው ስትሄድ እስክትሰወር ድረስ ቆሜ አየኋት።